የተነከሰው ዝናር

ባለፈው ክረምት ከባሕር ዳር ወደ ቤቴ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ፣ አውቶቡሱ ቡሬ እንደ ቆመ ዶፍ ዝናብ ወረደ። ጣሪያው ያፈስ ኖሮ ውሃው ጭኔ ላይ ባስቀመጥኩት መጽሐፍ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። መጽሐፉ የኔ አይደለም፣ የኮሌጁ ነው። ደንግጬ በነጠላዬ ጠቀለልኩትና ደረቴ ላይ አቀፍኩት። ያን ጊዜ የራሰው የቆዳ ሽፋን ሽታ አፍንጫዬ ገባ። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ቆሟል፣ አንዲት ሴት የፕላስቲክ ባልዲ ራሷ ላይ ደፍታ ትሮጣለች። ዓይኔ እነሱን ያያል እንጂ እኔ በዛሬዋ ቡሬ አልነበርኩም። የአሥራ አንድ ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በጣልያን ጊዜ፣ እዚያው ቡሬ አጠገብ በነበረው ቤታችን ምሰሶ ሥር ቆሜ ነበር። አፌ ውስጥ የእርጥብ ቆዳ ጣዕም ነበረ።

አንባቢ ማን እንደሚያወራው ማወቅ ስላለበት ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። ስሜ አሰለፈች ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሕፃናት ፊደል ሳስቆጥር ኖሬ፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ በክረምት ትምህርት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። ከጎኔ የሚቀመጡት ልጆች «እትዬ» ይሉኛል። ክፍል ቀድሜ እገባለሁ፣ መምህራችን የሚሉትን ሁሉ እጽፋለሁ፣ የሚያስነጥሱ ከሆነም እርሱኑ ሳልጽፍ አልቀርም ብለው ልጆቹ ይስቁብኛል። በዚያ ክረምት በሦስት ዘመን የተጻፉ ሦስት የአሜሪካ ልብ ወለዶች እንድናነብ ታዘዝን። የመጀመሪያው በፈረስ ጋሪ ዘመን የተጻፈ ነው። በአንድ ወንዝ ዳር ከተማ ባርኔጣ እየሰፋች የምትኖር ባል የሞተባት ሴት አለች፤ ደራሲው የሱቋን መስኮት ብቻ ገጾች ሙሉ ይተርከዋል። ሁለተኛው ባቡርና ፋብሪካ ከበዛ በኋላ የመጣ ነው። የጡብ ሠራተኛው የተሰነጠቀ መዳፉን በምን እንደሚቀባ፣ ቅባቱ ምን ምን እንደሚሸት ሳይቀር ተጽፏል። ሦስተኛው የቅርብ ጊዜ ሰው ድርሰት ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ አጭር ነው። እናትና ልጅ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ዝናብ እስኪያባራ ይጠብቃሉ፣ ልጁ የእናቱን ጓንት ጣቶች ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይገለብጣል። ዝናቡ ዘንቦ ያባራል። አለቀ።

መምህራችን ይህን አጻጻፍ እውናዊነት ይሉታል። አንድ ቀን መጽሐፉን ዘግተው ጠየቁን፦ «ሴትዮዋ ድሃ ነበረች፣ ታዝናለች ብሎ ማለፍ ሲችል፣ ደራሲው ይህን ሁሉ ጥቃቅን ነገር የሚጽፈው ለምንድን ነው?» ከኋላዬ አንዱ ጎረምሳ «ገጽ ለመሙላት ነዋ!» አለና ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህራችንም ሳቁ። እኔ መልስ ነበረኝ፣ ግን እጄን አላነሳሁም። መልሴ ረጅም ነው፣ የሚጀምረውም ከእናቴ ቤት ነው። ስለዚህ እዚህ ልጽፈው።

የጣልያን ጊዜ ሲባል ብዙ ሰው መድፍና አውሮፕላን ይታየዋል። ለኔ ለልጅቱ ግን ከሁሉ በፊት የሚታየኝ ቆርቆሮ ነው። ወታደሮቹ ቲማቲም በልተው የሚጥሉት ባዶ ቆርቆሮ ቡሬ ገበያ ውስጥ ምስር መስፈሪያ ሆኖ ነበር፤ በላዩ ላይ የተሳለው ቀይ ፍሬ እስኪለቅ ድረስ ሴቶቹ በአመድ ያሹታል። የጨው ነጋዴዎች አሞሌያቸውን ደርድረው ከሾላው ሥር ይቀመጣሉ። በወረቀት ሊሬ ዶሮ እንኳ የምትሸጥ ሴት አልነበረችም፤ ጠገራ ብር ያሳየ ግን በጉን ቤቱ ድረስ ትጎትትለታለች። ወንዶቹ ቁምጣ፣ ሴቶቹ ደግሞ ውሃ ያላየ አቡጀዲ ለብሰው ሲሄዱ እንደ ደረቀ ቆዳ ይንኮሻኮሻል። ጣልያኖቹ በምሽጋቸው ሸክላ የሚያዘፍን መሣሪያ ነበራቸው፤ ነፋሱ ወደኛ ሲሆን ዘፈኑ ቤታችን ይደርሳል። እናቴ ጥሩአየሁ በሙቀጫ እህል ስትወቅጥ ሳታውቀው ዘነዘናዋ ከዘፈኑ ምት ጋር ይገጥማል። ስትነቃበት ትቆምና ሆን ብላ ምቱን አዛብታ ትቀጥላለች። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ላይ የወፍጮ ሞተር ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር ያ የተዛባ ምት ትዝ ይለኛል። ፍኖተ ሰላምም ያኔ በሌላ ስም የምትጠራ ትንሽ መንደር ነበረች።

አባቴ አላምረው ከአርበኞች ጋር ወደ ዓባይ ቆላ ከወረደ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። አንድ ማለዳ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ የሰፈር ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆሙ። ፊት ፊት የሚመራቸው የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ፈንቴ ነበር። አጠገቡ ከቆላ የመጣ፣ ፊቱ የገረጣ፣ አዳነ የሚባል እንግዳ አርበኛ ቆሟል። በትከሻው ከራሱ ዝናር ሌላ አንድ ዝናር አንግቷል። በእጥፍ ተጠቅልሎ የታሰረ፣ ከጣልያን የተማረከ የቆዳ የጥይት መታጠቂያ ነው። በማለዳ በር ላይ የቆመ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ እናቴ ታውቃለች። አንድ ቃል ሳይናገሩ ጮኸች። ከዚያ ነገሯት፦ የቡሬው አላምረው ቆላ ላይ ወደቀ፤ ጓደኛው በእጁ ቀብሮታል፤ ይህ ዝናሩ ነው።

በኛ አገር መርዶ ይቀበሉታል እንጂ አይመረምሩትም። ሩቅ ተጉዞ ክፉ ወሬ ያመጣን ሰው «እንዴት? መቼ? በምን?» ብሎ ማስጨነቅ ነውር ነው፤ ይመገባል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ዝም ይባላል። ማንም አልጠየቀውም። ለቅሶው ገበያ ቀን እንዲሆን ተቆረጠ። በገበያ ቀን መንገዱ ሰው ቢሞላ ባንዳ አይጠራጠርም። አያ ፈንቴ ፈረሱን ሊያስጌጥ፣ ዝናሩን ኮርቻው ላይ ሊሰቅል ተነሳ። ቆዳው ጫፉ ላይ ተበልቶ ስላየው «ቆላ አይጥ አይጠፋ» አለና እንዲያምር ቅቤ ቀባው።

እኔ የፈራሁት ከለቅሶው በኋላ ያለውን ነበር። የምናርሰው መሬት የአባቴ ወገን ርስት ነው። እናቴ ከፈጣም ወንዝ ማዶ ከአገው ቤት የመጣች ናት፤ ብቻዋን ስትሆን የምትጸልየውም በአገውኛ ነበር። ለቅሶው ካለቀ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ማቅ ለብሳ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። እኔ የአላምረው ልጅ ነኝና አያ ፈንቴ ቤት እቀራለሁ። ይህን ያወሩት ከኔ ሳይደብቁ ነው። ክፋት አልነበረበትም፣ ወጉ እንዲያ ነው። ምላጩ ተስሎ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን በሌለው ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ነበር፣ እኔ እሱን እሱን አይ ነበር።

በለቅሶው ዋዜማ አልቃሿ መጡ። እመት አስረበብ ይባላሉ። ትንሽዬ ሴት ናቸው፣ የሚቀመጡበትን በርጩማ ራሳቸው ይዘው ይሄዳሉ። በዚያ አገር ሌሎች አልቃሾች ለሁሉም ሟች የሚሆን ግጥም አላቸው። እሳቸው ግን ሟቹ ቤት ሳይገቡ፣ የቤቱን ሰው ሳይጠይቁ አያለቅሱም። የቀረበላቸውን በልተው እጃቸውን ጠረጉና «እስቲ ንገሩኝ፤ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አሉ።

«አንበሳ ነበራ!» አለ አያ ፈንቴ።

«አንበሳ ገድሏል?»

«እሱስ አልገደለም።»

«አይቷል?»

«እንጃ፤ አላየም መሰለኝ።»

«እንግዲያው አንበሳውን ካለበት አንቀስቅሰው፤ ይተኛ።»

አያ ፈንቴ ወንድሙን የሚወድ ሰው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ግጥም ሲያወጣ ነበር ያደረው፤ ተነስቶ ቆመና አሰማ፦

አንበሳው ወደቀ ከቆላው በረሃ፣
ምድር ተናወጠች ደፈረሰ ውሃ።

እመት አስረበብ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያምራል። ባለፈው ወር ለአንድ ግራዝማች ተለቅሶበታል። ከዚያ በፊት ደግሞ ለአንድ የከብት ሌባ።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። «አንቺ ልጄ፣ አንቺስ? ምን ታደርጊለት ነበር?»

እናቴ «እሸት በቆሎ እፈለፍልለት ነበር» አለች። አባቴን በልጅነቱ በቅሎ ረግጣው የላይም የታችም የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። በቆሎ መጋጥ አይችልም፤ እናቴ በጣቷ እየፈለፈለች መዳፉ ላይ ታደርግለታለች። እኔም ከጥግ ሆኜ «ስሜን ሲጠራ ያፏጫል» አልኩ። እውነቴን ነበር፤ አሰለፈች ሲል በክፍተቱ ነፋስ ይወጣል።

«ይኸ በአደባባይ ይነገራል እመት?» አለ አያ ፈንቴ። «የወንድሜን ድድ ለሰው ሊያሳዩት ነው?»

«አያ ፈንቴ፣ ሰው የጠሩት ወንድምዎን እንዲያይ ነው ወይስ አንበሳ እንዲያይ?»

እመት አስረበብ በርጩማቸውን ወደ አዳነ አዞሩ። መርዶ ነጋሪን መጠየቅ ለሁሉ ነውር ነው፣ ለአልቃሽ ግን ሥራዋ ነው። አዳነ ሲጠብቀው የነበረ ይመስል ቶሎ ቶሎ ተናገረ፤ አላምረው ሦስት ጊዜ ፎክሮ፣ ደረቱን ለጥይት ሰጥቶ፣ ምሽጉን ጥሶ እንደ ወደቀ።

«የት ሆነህ አየኸው?»

«አጠገቡ።»

«የወደቀበት ምን ነበር? ሣር ነው፣ ጠጠር ነው?»

«ሣር... ጠጠር ነው መሰለኝ» አለ አዳነ።

«አንተ ልጅ፣» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወጉን አስቀምጠውና ያየኸውን ንገረኝ። እኔ የማለቅሰው ላየኸው ነው።»

ያ ሰው እንባው መጣ። ከዚያ ያለ ፉከራ ነገረን። ጥይት አልነበረም። የቆላ ንዳድ ይዞት ነበር። ቀን ሙሉ ሲሸሹ ውለው ዋሻ ውስጥ አደሩ። አዳነ ደክሞት ተኛ። ሲነቃ ጓደኛው ሞቷል። ዝናሩ አፉ ውስጥ ነበር። ሲያቃስት ድምፁ ጓደኛውን እንዳይቀሰቅስ ቆዳውን ነክሶ ነው ያደረው። «እኔ ተኛሁ» አለ አዳነ። «እሱ እንዲህ ሞተ ብዬ ለሚስቱ እንዴት ልንገር? በጥይት ነው ያልኩት ለዚያ ነው። ከመተኛቴ በፊት በትኩሳቱ እሷን እሷን ይጠራ ነበር። በላይነሽ፣ በላይነሽ ይል ነበር።»

ሁላችንም እናቴን አየን። አያ ፈንቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «በንዳድ የተያዘ ሰው ብዙ ስም ይጠራል። የቅድመ አያቱንም ሊጠራ ይችላል።»

«የቅድመ አያታችሁ ስም በላይነሽ ነው?» አለች እናቴ።

«አይ... እሷስ አይደለችም።»

እናቴ ተነሳች። የሚቀጥለው ቁጣ ነው ብለን ጠብቀን ነበር። እሷ ግን ምሰሶው ላይ ወደ ተሰቀለው ዝናር ሄደች፣ አወረደችውና በቀሚሷ ጫፍ ቅቤውን ጠረገች። አይጥ የበላው የተባለውን ጫፍ ወደ በሩ ብርሃን አዞረች። አውራ ጣቷን አንድ በአንድ በጉድጓዶቹ ላይ አስኬደች፣ ከላይ፣ ከዚያ ገልብጣ ከታች። «አሰለፈች፣» አለችኝ፣ «ነይ እዚህ ጋ ንከሺ።» አፌን ከፍቼ ባልተበላው ጫፍ በኩል ነከስኩት፤ ቆዳው ጨው ጨው፣ ቅቤ ቅቤ፣ ጭስ ጭስ ይላል። ጠንክሬ ነከስኩ። እናቴ ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን ያዘች። የሟቹ ከኔ ይሰፋል እንጂ አንድ ነው፤ የፊት ጥርሶች ጥርት ብለው፣ ያለ ክፍተት፣ ከላይም ከታችም ታትመዋል።

«ይህ ሰው ጥርስ ነበረው» አለች።

አያ ፈንቴ ዝናሩን ተቀበላት፣ አየው፣ ገለበጠው፣ ቁጭ አለ። «ጥርስ እንደ ጤፍ አይበቅል!» አለ፤ ከዚያ እየሳቀ ማልቀስ ጀመረ። አዳነ አባቴን በዓይኑ አይቶት አያውቅም ነበር። የሚያውቀው የራሱን ጓደኛ፣ የቡሬውን አላምረውን ነው፤ ቡሬ ደርሶ «የአርበኛው የአላምረው ቤት የት ነው?» ሲል ሰዎች ወደኛ መሩት። አንድ ጥያቄ ብንጠይቅ ኖሮ ያን ጊዜውኑ ይታወቅ ነበር፣ ጨዋነታችን ግን ያልሞተ ሰው ሊያስቀብረን ነበር።

እኔ ምላጩን ከግድግዳው ነቅዬ ወደ ጓሮ ወረወርኩት። እልልታ ሊጀመር ሲል እመት አስረበብ እጃቸውን አነሱ። «ቆዩ። ታዲያ ይህ ለቅሶ የማን ነው?» አሉ። ከዚያው ከቡሬ ዙሪያ የሆነች አንዲት በላይነሽ ባሏን እየጠበቀች ነበር።

እናቴ በገበያው ቀን ጨው ተራውን፣ እህል ተራውን ጠይቃ አገኘቻት። ለኛ ቤት የተዘጋጀውን እህልና ጠላ ተሸክመን ወደሷ ሄድን፤ ፈረሱም ሄደ። እናቴ ከጎኗ እንደ እህት ተቀመጠች። እመት አስረበብ በርጩማቸውን ዘረጉና አንበሳ የሌለበትን አለቀሱ፦

ጥይትም አልጣለው ጦርም አላገኘው፣
የቆላ ንዳድ ነው እዚያ ያስተኛው፣
ዝናሩን ነከሰ ድምፁን ሊደብቀው፣
ጓደኛው ደክሞታል እንዳይቀሰቅሰው።

በላይነሽ እስከዚያ ድረስ አላመነችም ነበር። «ሌላ አላምረው ነው፤ በእናንተም ቤት ስህተት ነበር አላችሁ» ትል ነበር። ያን ስንኝ ስትሰማ ግን ቀና አለች። «እሱ ነው» አለች። «ማለዳ በሬ ሊጠምድ ሲነሳ እኔን እንዳይቀሰቅሰኝ በሩን በሁለት እጁ አንስቶ ነበር የሚከፍተው፣ እንዳይጮህ።» ከዚያ አለቀሰች፣ ሰዉም ሁሉ አለቀሰ። አዳነ ጥግ ላይ ተደፍቶ ነበር፤ እሷ ራሷ ተነስታ ሄዳ ትከሻውን ያዘችው። «እንድትተኛ ነው የፈለገው» አለችው። «አትዘን።»

መምህሬ ሆይ፣ በክፍል ያልመለስኩት መልስ ይህ ነው። የባርኔጣ ሰፊዋ መስኮት፣ የጡብ ሠራተኛው መዳፍ፣ ዝናብ የሚጠብቀው ልጅ የሚገለብጠው ጓንት ገጽ ለመሙላት አልተጻፉም። ሦስቱ ደራሲዎች በዘመን የተራራቁ ናቸው፤ አንዱ ብዙ ይናገራል፣ አንዱ ትንሽ። ሁሉም ግን ወጉን አስቀምጠው ያዩትን የሚናገሩ ይመስለኛል። «አንበሳ ነበር» ብንል ኖሮ ከሁለቱ አላምረዎች የትኛው እንደ ሞተ አናውቅም ነበር። ተሳስቼ ከሆነ ልታረም ዝግጁ ነኝ። መጽሐፉንም ከምድጃ ራቅ አድርጌ ቀስ ብዬ አድርቄዋለሁ፤ ሽፋኑ ትንሽ ተጣሟል እንጂ ፊደሉ አልለቀቀም።

አባቴ የተመለሰው የጣልያን መኪናዎች ዕቃቸውን ጭነው ከሄዱ በኋላ ነው። እኔ ከጓሮ ጎመን እቆርጥ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ስሜን ነው፣ መካከሉ ላይ በፉጨት። ቢላዋውን ጥዬ ሮጥኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ዝናሩ ሲነግረው እየሳቀ ሰማ። በላይነሽን ሄዶ አያት፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ የሷን መሬት ከኛ ጋር አብሮ ያርስ ነበር። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ግን እመት አስረበብን ከሾላው ሥር አገኛቸው። እኔ ከጎኑ ነበርኩ።

«እመት፣ እስቲ ለኔ ምን ብለው ሊያለቅሱ ነበር?» አላቸው።

እሳቸው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ግጥምህ አላለቀም» አሉ። «በቆሎው ላይ ቆሟል። ሂድና የምጨምርበት ነገር ሥራ።»

ከዚያ በኋላ በተገናኙ ቁጥር ጨዋታቸው ይኸው ነበር። «ምን አዲስ ነገር አለ?» ይሉታል፤ እሱም በጓ መንታ መውለዷን፣ ጣሪያውን ማደሱን ይነግራቸዋል። «እሱን ማንም ያደርገዋል፣ ግጥሙ ውስጥ አይገባም» ብለው ያልፉታል። ቡሬ ላይ ትምህርት ቤት የተከፈተ ጊዜ፣ ሴት ልጅ ምን ታደርግበታለች እየተባለ፣ አባቴ እጄን ይዞ ወስዶ አስመዘገበኝ። ስንመለስ በገበያው በኩል አለፍን። እመት አስረበብ አርጅተው ነበር፣ ዓይናቸውም ደክሟል።

«ምን አዲስ ነገር አለ?» አሉት በድምፁ አውቀውት።

«ልጄን ትምህርት ቤት አስገባኋት።»

እመት አስረበብ እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን በጣቶቻቸው ዳሰሱ፣ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ጥርሶቼን።

«ይኸ ይገባል» አሉ።